የተቆራኙት አስተርጓሚዎች

ቀረብ በይ ልጄ፤ ጥቅምት ነው፣ የእንጦጦ ውርጭ አጥንት ይገባል። እንዲህ ባለው ጥቅምት ነው የአባትሽ መንጋጋ እንደ ቅል ያበጠው። የአምስት ዓመት ልጅ ነበር፤ እህል ከቀመሰ ሦስት ቀኑ።

ፈረንጅ ሐኪም በየካ ያልፋል ቢሉኝ አዝዬው ወረድኩ። ሰውዬው በቅሎውን ጭኖ ሊሄድ ነው። እንግሊዝኛ እናውቃለን የሚሉ ሁለት ጎረቤቶቼም አጠገቡ ቆመዋል፤ ታደሰ እስከ ምጽዋ፣ ቢራቱ እስከ ዘይላ ደርሰው የመጡ።

«ወንድሞቼ፣ ልጄ ተሠቃየ በሉልኝ!» አልኳቸው።

ታደሰ አንድ ቃል እንዳለ ቢራቱ ጮኸ። «ተው አንተ! የእንግሊዝኛው ቃል መጨረሻ ‹ድ› ነው! በ‹ኢንግ› ስትጨርሰው እኮ ልጁ ተሠቃየ ሳይሆን አሠቃየን አልከው!»

«ወይ አዋቂ! ያስተማረህ የዘይላ ግመል ነው?»

«ንጉሥ ይሙት፣ ዳኛ ፊት!» አለ ቢራቱ።

ያን ጊዜ ንጉሥ ይሙት ከተባለ ቀልድ የለም። በአንድ ጉንዶ ማር ተወራረዱ፤ እንደ ጊዜው የሙግት ደንብ እስኪፈረድ እንዳይለያዩ የኩታቸውን ጫፍ ቋጥረው ተቆራኙና ሽቅብ ወደ ዳኛው ተያያዙት።

«ልጄስ?» ብላቸው፣ «ፍርድ ሳይሰጥ አንድ ቃል አንተነፍስም!» አሉኝ።

ምን ላድርግ? የልጁን አፍ በጣቴ ከፍቼ ለፈረንጁ አሳየሁት። አየና ጉጠት አወጣ፤ ጥርሱን ነቀለው።

በማግስቱ ዳኛው ፈረንጁን ከመንገድ አስመልሶ በአንድ አርመን ነጋዴ አፍ አስጠየቀው። ለካ ሰውዬው ግሪክ ኖሯል፤ እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አያውቅም!

አባትሽ ድኖ አንቺን ወለደ። ፈረንጁ ሐረር ወረደ። ሁለቱ ግን ቃሉን የሚለይ እንግሊዝ እስኪመጣ ተብለው እስከ ዐቢይ ጾም ተቆራኝተው ከረሙ። ውርርድ ለዳኛ ነውና ማሩን ዳኛው ጠጅ ጣለበት።