ሁለቱ እግሮቼ ቆላ ወርደው ሲመለሱ

በጃንሆይ ዘመን ቢቸና ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርሁ። መስከረም እንደ ጠባ መንገድ የጀመርሁት በባለቤቴ ታናሽ ወንድም በሙሉቀን የተነሣ ነው። ዓምና ለአጨዳ ዓባይ ቆላ ወርዶ የወባ ንዳድ ይዞት ከሞት አፋፍ ተመለሰ፤ ዘንድሮም ካልወረድሁ ይላል። የወባ መከላከያ ክኒን ስሰጠው «ይመረኛል» ብሎ ይተፋዋል፤ ስመክረው «እንዲያው ወሬ!» ይለኛል። ጥንጁት የሚባለው ቅጠል ቢንቢ ያባርራል ሲባል እሰማ ነበር። እውነት ከሆነ በገዛ እግሬ ፈትኜ አሳየዋለሁ ብዬ ቆረጥሁ።

ሞጣ እስክንደርስ የጭነት መኪናውን ሁለት ጊዜ ጭቃ ዋጠው። ሁለት ብር ከፍዬ ስገፋ ዋልሁ፤ ምነው በእግሬ በመጣሁ! ሞጣ ገበያ አንድ እስር ጥንጁትና የኑግ ዘይት ገዛሁ። ሻጯ «ለጋን ማጠኛ ነው?» አለችኝ። «ለእግሬ ነው» ብላት ከት ብላ ሳቀች።

በማግስቱ የዓባይን ቁልቁለት ግማሽ ቀን ወርጄ ቆላው ውስጥ አያ ታከለ የሚባሉ ገበሬ ቤት አረፍሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቀኝ እግሬን በዘይት የተለወሰ ጥንጁት፣ ግራውን ዘይት ብቻ ቀብቼ ደጃፍ ተቀመጥሁ። ግራው ተነክሶ ቀኙ ከተረፈ ቅጠሉ ሠራ ማለት ነው። በሁለቱም ላይ አንዲት ቢንቢ አላረፈችም። ተደናግሬ ዞር ብል ከቤቱ ጀርባ ጭስ ይትጎለጎላል፤ አያ ታከለ ከእስሬ ላይ ወስደው ጥንጁት ያጨሳሉ!

«አያ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እንግዳዬን ቢንቢ ሲበላው ቁጭ ብዬ ልይ? ነውር አይደለም?»

በገንሁ። «ልበላ አይደል የመጣሁት! በእመብርሃን ይተዉኝ!»

«ወይ ጉድ! አስበሉኝ ብሎ የሚለምን እንግዳ ዛሬ አየሁ።»

በማግስቱ ጭሱን ተዉልኝ፤ ማየቱን ግን አልቻሉም። ጋቢያቸውን ተከናንበው ጀርባቸውን ሰጡኝ። እኔም ጥርሴን ነክሼ ግራ እግሬን አስበላሁ። ቀኙ ላይ የሚያርፉት ጥቂት ነበሩ። ቆየት ሲል ግን ኃይሉ ይደክማል፤ ደግሞ መቀባት ያሻል። በየእግሬ ያረፉትን እየቆጠርሁ ደብተር ላይ እየጻፍሁ ሦስት ምሽት ደጋገምሁት። በመጨረሻው ምሽት አያ ታከለ ሳይዞሩ «ስንት ደረሰ?» ይሉኝ ጀመር።

ቢቸና ገብቼ የጻፍሁበትን ደብተር ለሙሉቀን ብዘረጋለት ዞሮም አላየው። ባለቤቴ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስባ «ና፣ ይህንን እይ!» አለችው። ግራው አባብጦ ቀልቷል፤ ቀኙ ደህና ነው። በርከክ ብሎ ሁለቱን አስተያየ።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ለኔ ብለህ ነው?»

«ታዲያ ለማን ይመስልሃል?»

ሰው በወሬ እንደማይመለስ ያን ቀን ገባኝ። ሙሉቀን የተረፈኝን ጥንጁት ተቀብሎ ብብቱ ሥር ሸጎጠና ሌላውን እጁን ዘረጋ።

«ክኒኑንም ስጠኝ» አለኝ።