ሁለት ሃዳ ቶላ

ጃንሆይ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። በአንድ ቃሌ የሰው ልጅ ከትምህርቱ ሊባረር ነበርና ክሊኒክ በገባሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አገራችን ሲሬ፣ ወለጋ፣ ወባ ገብቶ ነበር። ነቀምት የላቦራቶሪ ሙያ የሚማር አንድ ወጣት ለልምምድ መጥቶ የሰዉን ጣት እየወጋ ደም በመስታወት ላይ ይቀባል። ያረፈው አጥቢያ ዳኛው ቤት ነው። ይህን ስሰማ አላማረኝም። በዳኛ ማዕድ የሚበላ ሰው እኛን እኩል ያየናል ብዬ አላመንኩም።

እኔን በየሁለት ቀኑ ብርድ ያንቀጠቅጠኛል፤ የአራት ወር ሕፃንም አጠባለሁ። ተራዬ ደርሶ ስሜን ሲጠይቀኝ፣ ስሜን ከደሜ ጋር ለማላውቀው ሰው አልሰጥም ብዬ «ሃዳ ቶላ» አልኩት። የቶላ እናት ማለት ነው። በእኛ አገር የወለደች ሴት በበኩር ልጇ ትጠራለች። እሱም እንዳልኩት ጻፈ።

በማግስቱ «ደምሽ ንጹሕ ነው» ብሎ መለሰኝ። በዚያው ቀን ደም የሰጠችው፣ ደህና የነበረችው የዳኛው ሚስት ግን ኪኒን ተሰጣት።

ዓርብ አስተማሪው ሥራውን ሊያይ ከነቀምት ሲመጣ ልጁን በሰው ፊት ከሰስኩት።

«ይህ ልጅ ለበላበት ቤት ያዳላል። መድኃኒቴን ለዳኛው ሚስት ሰጠብኝ» አልኩ።

አስተማሪው ወደ ልጁ ዞሮ «እውነት ከሆነ ትምህርትህ እዚህ ላይ አበቃ» አለው። ልጁ ስማችንን የጻፈበትን መዝገብ አምጥቶ ዘረጋለት።

መዝገቡን ልየው አልኩ። ሦስተኛ ክፍል ደርሻለሁና ማንበብ አያቅተኝም። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት «ሃዳ ቶላ» ተጽፏል፤ የአባት ስም የለም። የዳኛው ሚስት በኩርም ቶላ መሆኑ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን ፍርድ ፍርድ ነው።

«ስሜ ጫልቱ ነው፤ የደበቅሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «እሱም የአባቴን ስም አልጠየቀም። ጥፋቱ የሁለታችን ነው፤ እሱ ብቻውን አይባረር።»

አስተማሪው የእኔንና የዳኛው ሚስትን ደም እንደገና አስወስዶ በማይክሮስኮፕ ራሱ አየ። ወባው የኔ ነበር።

የዳኛው ሚስት «አንቺ ሃዳ ቶላ፣ ያንቺን መራራ እኮ እኔ ዋጥኩልሽ» ብላ አሳቀችን። ልጁም በምክር ታለፈ።

ዛሬ የልጅ ልጆች አይቻለሁ። በመጠርጠሬ አላፍርም፤ ሳልጠይቅ በመፍረዴ ግን አፍራለሁ። አሁንም ቢሆን ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ ጽፈው ካላነበቡልኝ ጣቴን አልዘረጋም።