በበረዶ ላይ የተጻፈች ሦስት ቁጥር

በሳምንቱ ውስጥ ኤርፖርት ሻትል ድራይቭ አደርጋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ግን እዚሁ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ለጀማሪ አዋቂዎች የበረዶ ላይ ስኬቲንግ አስተምራለሁ። ካስተማርኳቸው ሁሉ የማይረሱኝ አንዲት የስድሳ አንድ ዓመት እናት ናቸው።

የቤተ ክርስቲያናችን አባል ናቸው። ሁለት ዊንተር ሙሉ የልጅ ልጃቸውን ወደ ልጆቹ ክፍል እያመጡ ከበረዶ ሜዳው አጥር ውጭ ተቀምጠው ሲያዩን ከረሙ። አንድ ቀን ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ በእኔ ቁጥር ጫማ ይኖራል?» አሉኝ።

ወደፊት መንሸራተቱን በአንድ ወር ያዙት። ያስቸገራቸው መዞሩ ነው። በአንድ እግር ወደፊት እየሄዱ፣ እግር ሳይቀይሩ ዞሮ ወደ ኋላ መቀጠል። በትክክል ከተሠራ የጫማው ብረት በረዶው ላይ ሦስት ቁጥር ጽፎ ያልፋል። እሳቸው ግን መዞሪያው ላይ ሲደርሱ ድርቅ ይላሉ።

«ወደማላየው እንዴት ብዬ ልሂድ?»

እኔም የተማርኩትን እደግማለሁ፤ ትከሻ ይቅደም፣ ወገብ ይከተል፣ ጉልበት ይታጠፍ። ምንም አልረዳቸውም። አንድ ቅዳሜ በጎናቸው ክፉኛ ወደቁ። አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ከመቀመጫዋ ተነስታ እየሮጠች መጣች።

«እማዬ፣ ኢናፍ! በዚህ ዕድሜ!» አለች። ወዲያው ወደ እኔ ዞራ፣ «አንቺስ ዝም ብለሽ ታያለሽ?»

ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ሆኜ አወዳደቃቸው ዓይኔ ላይ ነበር። ከእንግዲህ አይመጡም ብዬ ቆርጬ ነበር፤ ቅዳሜ ስደርስ ቀድመውኝ ጫማቸውን እያሰሩ አገኘኋቸው።

በረዶው ላይ አላወጣኋቸውም። ኮሪደሩ ውስጥ በደረቁ ወለል ላይ አቆምኳቸውና፣ «ግድግዳውን ይያዙ። እግርዎን ይተዉት፤ ትከሻዎን ብቻ ወደ እኔ ያዙሩ» አልኳቸው።

አዞሩ። ትንሽ ቆይቶ ወገባቸው ሳይታዘዝ ተከተለ። ቀና ብለው አዩኝ።

«እንዴ! ይሄማ የእኔ ሥራ ነው!»

ለካ ሃያ ዓመት ሙሉ በአረጋውያን መጦሪያ በሽተኛ ሲያገላብጡ ነው የኖሩት። «ትከሻውን ካዞርሽለት ወገቡ ራሱ ይመጣል። ይሄን ለአዲስ ሠራተኛ የማሳየው እኔ አይደለሁ?» ብለው ሳቁ።

ከዚያ በኋላ አስተማሪው ማን እንደሆነ እኔም አላውቅም። አንድ ሳምንት ኮሪደሩ ውስጥ፣ ቀጥሎ በረዶው ላይ አጥሩን ይዘው በሁለት እግር፣ ቀጥሎ በአንድ እግር፣ ከዚያ በአንድ ጣት ብቻ አጥሩን ነክተው። በመጨረሻ በረዶው ላይ በማርከር ግማሽ ክብ ሣልኩላቸውና ራቅ ብዬ ቆምኩ።

ሄዱ። ክቡ አናት ላይ ሲደርሱ ትከሻቸው ዞረ፤ አካላቸው ተከተለ። ጀርባቸውን ወደሚሄዱበት ሰጥተው፣ ፊታቸው ወደ እኔ፣ እጃቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው ወደ ኋላ ተንሸራተቱ። ልጃቸው ከአጥሩ ጀርባ እልልታዋን አቀለጠችው።

ሰዓታችን አልቆ ስለነበር በረዶውን የሚያለሰልሰው መኪና በሩ ላይ ብቅ አለ። እሳቸው ፊት ለፊቱ ሄደው እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።

«ቆይ! ወዴት ነው? ፎቶ ሳላነሳት አታጠፋትም!»

ሾፌሩ አማርኛ አይሰማም፤ ነገሩ ግን ገባው። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና፣ ጎንበስ ብሎ ያቺን ቀጭን፣ ትንሽ የተንጋደደች ሦስት ቁጥር አብሮን አያት። አጨበጨበላቸው።

ፎቶዋን አንስተው ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱና ወደ እኔ ዞሩ።

«በይ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ በግራ እግር ነው።»