የመሬት ስበትና የሻጩ ጣት

ጣና ዳር የዓሣ ሽታ አፍንጫዬን በመታው ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው የሻጩ ጣት ላይ ነው።

ተማሪ ሳለሁ፣ መሪጌታው አያቴ ገዝተው የመጡትን ዓሣ ከትምህርት ቤት በተዋስሁት ሚዛን ላይ ሰቀልሁት።

«ስምንት ኒውተን» አልሁ።

«ኒውተን ደግሞ ምንድን ነው?»

«የኃይል መለኪያ ነው፣ አባባ። አንድ ኪሎ ዓሣ ቢሆን መሬት በአሥር ኒውተን ግድም ትስበዋለች።»

«አንድ ኪሎ ነው ብሎ እኮ ነው የሸጠልኝ!»

ጥቂት አሰቡና የዓሣውን ጭራ በጣታቸው ወደ ታች ሳብ አደረጉት። መርፌው አሥር ላይ ደረሰ።

«ሚዛንህ የመሬትን ስበት ከሰው ጣት ይለያል?»

«አይለይም።»

«እንግዲያው ጣቱን ጠብቅ» አሉኝ።

ዛሬም ሻጩ ዓሣዬን ሰቅሎ «ሙሉ ኪሎ!» ሲለኝ፣ «እስቲ እጅህን አንሣ» አልሁት። እየሳቀ ሁለቱንም እጆቹን አነሣ። መርፌው ንቅንቅ አላለም።

ይኸኔ ሚዛኑን ጠረጠርሁ።