«ከእነሱ ጋር ነኝ» ያለው አባቴ

ጨው የተነሰነሰበት ቆዳ ሽታ ባፍንጫዬ ሽው ባለ ቁጥር አባቴ ትዝ ይለኛል። አባቴ ከቢቸና ገበያ የበግና የፍየል ቆዳ እየሰበሰበ፣ በጨው እያሸ፣ በአይሱዙ ጭኖ ሞጣ ለሚኖረው ወዳጁ ለጋሽ ሰይድ ያደርስ ነበር፤ ሲመለስም ሽታው ከጋቢው ጋር ቤት ይገባ ነበር።

አንድ ክረምት የጋሽ ሰይድ እናት ሞቱና አባቴ ለልቅሶ ሄደ። በእኛ አገር ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፤ ከበላ ሃይማኖቱን እንደካደ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ሙስሊሞቹ ለክርስቲያን እንግዶቻቸው በክርስቲያን እጅ አሳርደው ለብቻ ያቀርቡላቸው ነበር። አስተናጋጁ «የእናንተ በወዲያ በኩል ነው» ሲለው፣ አባቴ ሲያለቅስ የዋለውን ወዳጁን ትቶ መነሳት አላስችለው ብሎ፣ «ዛሬ እኔ ከእነሱ ጋር ነኝ» አለና አብሮ በላ። በቢቸና ወሬ ስልክ አይፈልግም፤ ከእሱ ቀድሞ ቤታችን ደረሰ።

መስከረም ሲጠባ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውጭ ቆሞ የሚያስቀድስ ሰው ሆኗል። እናቴ እንዲናዘዝ ስትለምነው «አብሬው በመቀመጤ ተጸጽቻለሁ ልበል? በእግዜር ፊት ልዋሽ?» ይላት ነበር። በጥቅምት ብርድ ሳል ያዘው። እናቴ ለጎረቤታችን «እንዲህ እንዳለ ቢሞት ማን ይፈታዋል?» ስትል ሰማሁና፣ ያለ ፍትሐት ከቅጽር ውጭ ሲቀበር ታየኝ፤ ከዚያ ወዲህ እሱ በሳለ ቁጥር እኔ ትንፋሼን እይዝ ነበር።

ሰንበት ትምህርት ቤት ጌታ በሰው ፊት የካደውን በአባቱ ፊት እንደሚክደው ተማርን፤ ቀጥሎ ደግሞ ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ክዶ ይቅር እንደተባለ ተማርን። መምህሩን «የቱ ነው እውነቱ?» ብዬ ብጠይቀው «ሁለቱም» አለኝ። ይባስ ብሎ እንቅልፍ አጣሁ፤ አባቴ ከየትኛው እንደሚመደብ የሚነግረኝ አልነበረማ።

የስቅለት ዕለት ምእመኑ ለንስሐ ተሰልፎ፣ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባውን መታ መታ እያደረጉ ስግደት ሲያዙለት፣ የነፍስ አባታችን ቅጠላቸውን እንደያዙ ከቅጽሩ ውጭ ወደቆመው አባቴ ወጡ። እኔ የእናቴን ነጠላ ጨብጬ ተጠጋሁ።

«ተጸጽተሃል?» አሉት።

«ሥርዓት በማፍረሴ አዎ፣ አባቴ። ከሰይድ ጎን በመቀመጤ ግን አልዋሽዎትም፤ ዛሬም ቢሆን ጥዬው አልነሳም።»

የወይራውን ቅጠል ዝቅ አደረጉት። አለቀልን ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ።

«ጴጥሮስም ያለቀሰው፣ የወደደውን በጭንቁ ቀን አላውቀውም ስላለ ነው» አሉና በወይራው ጀርባውን ነካ ነካ አደረጉት። «በል ግባና ስገድ።»

አባቴ ዛሬ እዚያው ቅጽር ውስጥ አርፏል። ሰንበት ትምህርት ቤት የተማርኳቸው ሁለቱ ቃሎች ግን እስካሁን አልታረቁልኝም። ያኔ የምፈራው ለእሱ ነበር። አሁን ሞጣ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ፤ ሰዎች ተሰብስበው አንድ ወዳጄን በሌለበት በሃይማኖቱ ሲያሙትና «አንቺ ታውቂው የለ?» ሲሉኝ፣ «እምብዛም» ብዬ ወደ ሥራዬ አቀረቅራለሁ። አሁን የምፈራው ለራሴ ነው።