ከውጭ የሚገባው ቲቸር

የሲኤምሲው ግቢ ዘበኛ ጋሽ ጎበና መጀመሪያ ላይ «የምድር ቤቱ ሰውዬ ለየለት» ብሎ ነበር። ሚስትየዋ መኪናዋን አስነስታ ሥራ ስትሄድ፣ ሰውየው ሱፉን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ፣ ጫማውን ወልውሎ ከበሩ ይወጣል። አጥሩ ሥር ትንሽ ይቆምና ተመልሶ ይገባል። ሁለቱ ልጆቹ በመስኮት ፍርግርግ አፍጥጠው ያዩታል።

አንድ ቀን ሰውየው ወደ ጋሽ ጎበና ጠጋ ብሎ፣ «አባታቸው ሆኜ ፊደል ላስቆጥር ስል ጀርባዬ ላይ ይጋልባሉ» አለው። «ቲቸር ሆኜ ከውጭ ስገባ ግን ቆመው ይቀበሉኛል፤ እስከ ምሳ ጸጥ ነው። እባክዎ ይፈትሹኝ። እንግዳ ካልተፈተሸ አያምኑም።»

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ጎበና ፊቱን አኮሳትሮ፣ «ማንን ፈልገው ነው?» ይለዋል። እጁን አስዘርግቶ ከሱፉ ኪስ ጡጦና አንድ እግር የሕፃን ካልሲ አውጥቶ፣ አገላብጦ አይቶ ይመልስለታል።

ዛሬ ትንሿ ልጅ ከመስኮቱ ጮኸች። «ጋሼ፣ በደንብ ፈትሸው! የአባቢን የቢሮ ጫማ አድርጓል!»

ጋሽ ጎበና ሳቁን አፍኖ አጎነበሰ። ሰውየውም ጫማውን ጎንበስ ብሎ አየው።

«አውሶኝ ነው» አላት። «እሱ ለጊዜው የትም አይሄድበትም።»