ስለ ልጄ ልለምን ገበዝ ማርያም

ልጄ ማስተዋል ጋሻውን ስታጎርሰው ዓይኗን ከፊቱ አሸሸች። አደጋውን ያየሁት ያኔ ነው።

የመስቀል ሰሞን ነበር። ሁለቱም ቡሬ ነው የሚሠሩት፤ በዓሉን አብሬያቸው ልውል ከፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ሄጄ ነው። ጋሻው የጎረቤቴ የአትጠገብ ልጅ ነው። ከአንድ ገበታ እየተሻሙ ነው ያደጉት፤ ሲጎራረሱ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ያን ቀን ግን እሱ ጎርሶ አቀረቀረ፤ እሷም ሳህኑን ይዛ ተነሣች።

ለሌላ ሰው ደስታ ነው። አትጠገብ ግን የማስተዋል የክርስትና እናት ናት። ነፍሷን ይማርና ከሞተች ሦስት ዓመቷ። የክርስትና እናትን ልጅ ማግባት እኛ ዘንድ ወንድምን ማግባት ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም አታጋባም።

እሑድ፣ ቡሬ

ጠዋት ገበያ ወጣን። ማስተዋል የተጠበሰ በቆሎ ገዝታ አንድ ፍሬ ሳትቀምስ ይዛው ትዞራለች።

"ምን ሆናችኋል?" አልኋት።

"ምንም።"

"ማስተዋል!"

"እማዬ፣ እኛም እናውቀዋለን። ለፋሲካ እረፍት ከሥራ ጓደኞቻችን ጋር ጢስ ዓባይን ልናይ ሄደን አልነበር? ስንሄድ ወንድሜ ነበር። ስንመለስ ዓይኑን ማየት አቃተኝ።" ሳቀች። ሳቋ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። "ነቀምት ሥራ አግኝቷል። ማክሰኞ ይሄዳል። ካልተያየን ይተወናል ብለን ነው።"

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሰኞ፣ የቋሪት መንገድ

ማስተዋል የተጠመቀችው ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ስለት ነበረብኝ። በሰማንያ ቀኗ እኔን ወባ ጥሎኝ፣ አባቷም ለሥራ መተከል ወርዶ፣ አትጠገብና አማቴ ናቸው ይዘዋት የሄዱት። ዛሬ ሁለቱም የሉም። እዚያው ሄጄ ካህናቱን ልለምን ብዬ ተነሣሁ። ምን ብዬ እንደምለምን እንኳ አላውቅም ነበር።

ፍኖተ ሰላም መኪና ቀየርሁ። ሾፌሩ "ጭቃ ነው" ብሎ ታሪፍ አስጨመረን፤ ጭቃውስ እውነቱን ነው። ዳገቱ ላይ ጎማው ተያዘና ወርደን ገፋን።

"እርስዎ ይቅርብዎ እትዬ፤ መኪናው ቢሰበር ይጠገናል" አለኝ አንዱ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ገብሱ ለምልሟል፣ ድንቹ አብቧል፣ አደይ በየድንበሩ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ!

ደጀ ሰላሙ ላይ አንድ ሽማግሌ ቄስ አገኘሁ። መስቀል ተሳልሜ ሁሉንም ነገርኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና "ልጄ፣ ይህ አይሆንም" አሉ። መሬት ቁጭ ስል ጊዜ አዘኑልኝ መሰል፣ "የዚያን ጊዜ እኔ እዚህ አላገለግልም ነበር። እማሆይ ወለተ ኪዳን ነበሩ፤ እስቲ ጠይቂያቸው" አሉኝ።

እማሆይ ከጎጇቸው ደጅ ስንዴ ይለቅማሉ። የመጣሁበትን ነግሬ የልጄን የክርስትና ስም ስጠራ ቀና አሉ።

"ወለተ ጽዮን? ከቆላ የመጣችው? እናቷን ወባ የጣላት?"

"እንዴት አወቁ?"

"ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኛ!"

"አትጠገብ አይደለችም እንዴ?" አልኋቸው።

"ያቺ ጎረቤትሽ ከቅጥሩ ስትደርስ የወር አበባዋ መጣባት። መግባት አይሆን፤ የልጅቱ ቀን ደግሞ ማለፉ ነው። ከወይራው ሥር ቁጭ ብላ ስታለቅስ፣ አማትሽ እኔን ጎትተው አስገቡኝ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"'ታማለች፤ ያልመረጠችው ሰው አነሳት ብለን አንጨምርባት፤ ስትድን እንነግራታለን' ተባባሉ። ይኸው እኔ ልጅቱን በጸሎቴ ስጠራት አለሁ። አንቺ ደግሞ ሃያ አራት ዓመት አንዴ ሳታሳዪኝ፣ ዛሬ ልትድሪ መጣሽ!"

እየሳቅሁ አለቀስሁ። አትጠገብ አፍራ ይሆን የደበቀችኝ? እንጃ። ግን በየጥምቀቱ ለልጄ ቀሚስ ስትገዛ ኖረች፤ ግዴታ ሳይኖርባት። እግዚአብሔር ውለታዋን ይክፈልልኝ። ቄሱም ከእማሆይ አፍ ሰምተው "እንግዲህ ምን ይከለክላል?" አሉ።

ስልክ የሚሠራበት ቦታ ፈልጌ ደወልሁ።

"ማስተዋል፣ ጋሻው እንዳይሄድ! አትጠገብ አላነሳችሽም፤ እዚህ ያሉ እማሆይ ናቸው።"

ስልኩን ለሱ ሰጠችው መሰል፣ የጋሻው ድምፅ መጣ።

"እትዬ፣ በማርያም እውነት ነው?"

"በማርያም እውነት ነው።"

"እንግዲያው ሻንጣዬን ልፍታ?"

"ፍታ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ!"

ማክሰኞ፣ ፍኖተ ሰላም

እማሆይ ዘንድ አድሬ ወረድሁ። ሁለቱም ከቡሬ መጥተው መናኸሪያ ቆመዋል፤ እንደ ጥፋተኛ ተራርቀው።

"ተጠጉ እንጂ!" አልኋቸው።

እኔ ከሁለተኛ ክፍል አላለፍሁም። ከዚህ መንገድ የተማርሁት ግን፣ ሰው የነገረንን ፈርተን ልጆቻችንን ከመለየታችን በፊት በቦታው የነበረን ሰው ፈልጎ መጠየቅን ነው። ደግነቱ እማሆይ በሕይወት ቆዩልኝ፤ ተመስገን።

ቤቴ በሰላም ገብቻለሁ። ልጆቼ ደህና ናቸው። ከእንግዲህ አልፈራም።